ዝም ያሉት ዙሮች

እህቴ «እርግጠኛ ነኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። እናታችን ደውላ «ደህና አደራችሁ?» ስትላት እንኳ ከመመለሷ በፊት ትንሽ ዝም ትላለች፤ ያደረችበትን ሌሊት ከዳር እስከ ዳር የምትፈትሽ ነው የሚመስለው። ቤተሰቡ ሁሉ «ምናልባት» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት አባታችን ነው። ገና ጥርሷን ሳትነቅል፣ ታላቅ ወንድማችንን የተሰበረ ብርጭቆ አጠገብ ቆሞ አገኘውና «እሱ ነው የሰበረው?» ብሎ ጠየቃት አሉ። «ምናልባት» አለች። «እኔ ስገባ ብርጭቆው ተሰብሯል፤ እሱ ነበረ፤ ድመቷም ነበረች።» ወንድሜ ያቺን ቀን ባነሳ ቁጥር «ከዱላ ያተረፉኝ እሷና ድመቷ ናቸው» ይላል። እናታችን ግን በስሙ አትስቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፤ «ልጄን ተዉልኝ።»

አሁን እህቴ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት፤ ዶክተር ይሏታል። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ግን ይቸግራል። እኔ ታናሿ፣ ግጥም የተማርኩት፣ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ ላይ እያደርኩ እንኳ ምን እንደምትሠራ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያስረዳችኝ በግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ መንትያ እህትማማቾች ይኖራሉ። ሲያስሉ ይሰማናል፤ ሳላቸውም እንደ መልካቸው አንድ ነው።

«አሁን ያሳለችው የትኛዋ ናት?» አለችኝ አንድ ቀን ልብስ እያጠፍን።

«ታላቂቱ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ወፈር ይላል።»

«የታናሺቱም ጉንፋን ሲይዛት ይወፍራል። ስሚ፣ የሰማሽው አንድ ሳል ብቻ ነው። እስቲ ድገሚልኝ ማለት አትችዪም። ጆሮሽ በዓለም ላይ ካለ ጆሮ ሁሉ ቢበልጥ፣ ከብዙ ጊዜ ስንቴ ትሳሳቻለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሥራዬ እሱ ነው» አለችና ካልሲ ማጣመሯን ቀጠለች።

እነእህቴ የሚሠሩት ከሻማም ከኮከብም በደከመ፣ ፎቶን በሚሉት ቅንጣት አንድ በአንድ በሚቆጠር ብርሃን ነው። ሁለት ዓይነት አድርገው ይልኩታል፤ ሁለቱ ግን እንደ መንትዮቹ ሳል ይመሳሰላሉ። የሚቀበለው ሰው «የመጀመሪያው ነው» ወይም «ሁለተኛው ነው» ብሎ መመለስ አለበት። ሁለት መላምት፣ አንድ ዕድል። ኳንተም በሚሉት ዓለም ውስጥ ብርሃኑ መሣሪያው ውስጥ አንዴ ከገባ አለቀ፤ መልሰው አያዩትም፣ ቅጂም አያስቀሩለትም። ስለዚህ የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢገዛ፣ የቱንም ያህል ብልህ ሰው ቢቀመጥበት፣ ስሕተቱ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል ወሰን አለ። ወሰኑ የሚመጣው ከሰው ስንፍና ሳይሆን ከሁለቱ መመሳሰል ነው። እህቴ የምታሰላው ይህን ነው። ጉብዝና የሚያልቅበት ቦታ ላይ ምልክት ታኖራለች።

«አያሳዝንም?» አልኳት።

«ለምን ያሳዝናል? እዚያ ደርሶ የተሳሳተን ሰው ማንም አይወቅሰውማ።»

ባሏ ደግሞ ያንኑ ብርሃን በእጁ የሚያቀና ሰው ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ስሙ «ጠጋኙ» ነው። ሌላ ክፍል የጣለውን ሌዘር አንስቶ ያስነሣዋል፤ የተሰነጠቀ መስታወት ያልተሰነጠቀ ጎኑን ፈልጎ ይጠቀምበታል። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ጠረጴዛውን እንዳያንቀጠቅጥ ከቤታችን የታጠበ ፎጣ ወስዶ አልብሶታል፤ እህቴ ፎጣውን ለሳምንታት ስትፈልገው ነበር። መስታወት ሲያቀና ትንፋሹን ይይዛል። የሰው ትንፋሽ አየሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀ አየር ደግሞ ብርሃኑን ከመንገዱ ፈቀቅ ያደርገዋል ይላል። እህቴ ልቧ የሸፈተው በዚህ ነው። «ብርሃኑን ሊያሳየኝ ትንፋሹን ያዘና ፊቱ ቲማቲም መሰለ» ትላለች። «ብርሃኑን አላየሁትም።»

ከዚያ በፊት የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ቋሚ ሥራውን ትቶ የመጣው ለዚህ መስኮት ለሌለው ምድር ቤት ክፍል ነው። እዚህ ግን የተቀጠረው በኮንትራት ነው፤ የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ይታደስ አይታደስ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ሐሙስ ይሰበሰባል። እንዲታደስለት የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብለን በየፊናችን እንበላለን፣ እንተኛለን።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቴ የተማሪ ፈተና ስታርም፣ እኔ የማነብ መስዬ መስኮት መስኮቱን ሳይ፣ ደረጃውን እየዘለለ ሲወጣ ሰማነው።

«ሰበርነው!» አለ በሩን እንኳ ሳይዘጋ።

«ትልቁን መስታወት?» አለች እህቴ ብድግ ብላ።

«የምን መስታወት! ወሰንሽን!»

ወረቀት አላወጣም፣ ምንም አላሳየም፤ እንደ ሕፃን በጣቱ ነበር የሚያስረዳው። ያ ብርሃን ሺህ ዙር ቢላክ፣ የእህቴ ወሰን አምስት ያህል ስሕተት ነው። የእሱ መሣሪያ የሳተው ከሺህ ሦስቱን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ አይቶታል፤ ያው ሦስት ነው።

«አይሆንም» አለች እህቴ።

እኔ ከመጽሐፌ ቀና አልኩ። ከቃሏ ፊት «ምናልባት» አልነበረም።

«ምኑ ነው የማይሆነው? ቆጥሬዋለሁ እኮ!»

«ቆጥረሃል። ግን ስሕተቱ ከወሰኑ በታች ከወረደ፣ ከብርሃኑ ሌላ መልሱን ሹክ የሚልህ ነገር አለ ማለት ነው።»

«ኮረጅክ ነው የምትዪኝ?»

«አንተ አልኮረጅክም። መሣሪያው ግን…»

«መሣሪያው እኔ ነኝ!» አለ። ድምፁ የከረረ አልነበረም፤ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለዚያ ነው አንጀቴን የበላው። «ቀመርሽን ታምኛለሽ፤ እኔን አታምኚኝም።»

«አንተን አምናለሁ። የማላምነው ቁጥሩን ነው።»

«ቁጥሩ ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

ራት ላይ ጨው እያቀባበሉ ተቀመጡ፤ ከጨው በቀር የተነሳ ነገር የለም።

ወሬ እግር አለው። በማግሥቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እህቴን ቢሮው አስጠራት። ወንበሩ የሚሽከረከር ነው፤ ደስ ሲለው ይሽከረከራል፣ ያን ቀን መቆሚያ አልነበረውም አለች። ጋሼ ውጤቱን ይዞ ሐሙስ ኮሚቴው ፊት እንዲቀርብ፣ ከሌላ ተቋምም እንግዶች እንዲመጡ አስቧል። የቀረው የእሷ ስምምነት ነው።

«ስሚኝ የኔ እህት» አላት፤ «ሰው ዕድሜ ልኩን የሚለምነው ዕድል በራችሁ መጥቶ ቆሟል። አንቺ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ!»

«ምናልባት ቤት ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ወሰኑ ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ?»

«ወሰኑ የእኔ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ያረጋገጡት ነው። እኔ ያሰላሁት ለዚህ ብርሃን ስንት እንደሚሆን ነው፤ እሱንም ሌሊቱን በሐሳቤ ሳገላብጠው አድሬያለሁ።»

«እስከ ሐሙስ ጠዋት» አለና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረው።

ረቡዕ ምሳዋን ረስታ ስለሄደች ይዤላት ወረድኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። በጥቁር መጋረጃ የተከለለ ከባድ የብረት ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ መስታወቶቹ እንደ ቼዝ ጠጠር ተደርድረዋል። እህቴ በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ መልሱን የሚያፈስ ነገር ስትፈልግ ቆይታለች። መስታወቱን አየች፣ ሽቦውን አየች፣ ሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ ቁጥሩ ይለወጥ እንደሆነ አየች። ምንም የለም። ሥራው ንጹሕ ነው። እሱ ደግሞ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ እጁን አጣምሮ ያያታል።

«ሌላስ የሚታይ አለ፣ እመቤቴ? የካልሲዬን ቀዳዳ አየሽው?»

«ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርገውና በጆሮዬ ልስማው።»

ሳቀ፤ ግን አደረገላት። መሣሪያው እንዲህ ነው። ብርሃን በተላከ ቁጥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ የቀኙ ቆጣሪ ጠቅ ይላል፤ ሁለተኛው ከሆነ የግራው። ኮምፒውተሩ የተላከውንና የተመለሰውን ያመሳክራል። በዚህ መሐል ኃላፊው ሰው ላከና ጋሼን ለነገው ጉዳይ አስጠራው። «አትንኩብኝ!» ብሎን ወጣ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ማድመጥ ጀመረች። እኔ ምሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ብልጭ፣ ጠቅ። ብልጭ፣ ጠቅ። ብልጭ፣ ጠቅ። ብልጭ፣ ዝም። ብልጭ፣ ጠቅ።

ዓይኗን ገለጠች። አሁን ስክሪኑ ላይ የዙሮቹን ቁጥር ነው የምታየው። ብልጭ ጠቅ ሲል ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ብልጭ ዝም ሲል ቁጥሩ ባለበት ይቆማል።

«ሚጢ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «አሁን መብራቷ በርታ ነበር አይደል?»

«በርታ ነበር።»

«ቁጥሩስ?»

«አልጨመረም።»

ሲያገኙ የሚደሰቱ ሰዎች አሉ፤ እህቴ ስታገኝ ፊቷ የታመመ ሰው ፊት ይሆናል። ብርሃኑ በጣም ደካማ ስለሆነ አልፎ አልፎ፣ ከሰባት አንዴ ያህል፣ ሁለቱም ቆጣሪዎች ዝም ይላሉ። ጋሼ እነዚያን ዙሮች እንዳልነበሩ አድርጎ ይጥላቸዋል። ደብቆ አይደለም። ከዚህ በፊት በነበረው ሥራቸው፣ በብርሃን የምስጢር ቁልፍ ለመላላክ ሲሞክሩ፣ ደንቡ ይኸው ነበር፤ ላኪና ተቀባይ ተነጋግረው ዝም ያለውን ዙር ሁሉ ይጥላሉ፣ መጣላቸውም ትክክል ነው። ያንኑ ልማድ ይዞ መጣ። የእህቴ ወሰን ግን መዝለል አይፈቅድም። ለእያንዳንዱ ለተላከ ብርሃን መልስ ይፈልጋል። ዝም ባሉት ዙሮች ላይ ሰውየው በጭፍን መገመት አለበት፤ በጭፍን የገመተ ደግሞ ግማሹን ይሳሳታል። እነሱ ሲቆጠሩ ስሕተቱ ከሺህ ሦስት መሆኑ ቀርቶ ወደ ሰባ ይጠጋል።

«ምሳውን እዚያ አስቀምጪው» አለችኝ። አልበላችውም።

ማታ ልትነግረው ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን እየተኮሰ ከአባቱ ጋር በስልክ ያወራል፤ ስልኩ በትከሻውና በጆሮው መካከል ተወትፏል። «አዎ አባዬ… አይ፣ ሽልማት አይደለም… ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴ… አዎ፣ ክራቫት አስራለሁ!» አባቱ፣ ልጃቸው ያን ትምህርት ቤት ለቆ ሲወጣ ለወራት ያኮረፉ ሰው ናቸው። ካውያው ይጨሳል፤ እሱ ይስቃል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ወደ ኩሽና ተመለሰች። ሳህን ማጠብ ጀመርን።

«ካልነገርሽው ማን ያውቃል?» አልኳት። ምክሬ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው የጠየቅኩት።

«ሌላ አገር ያለ ሰው ልድገመው ይላል። ይደግመዋል። ያኔ የእኔን ሰው ውሸታም ይሉታል። ውሸታም ደግሞ አይደለም።»

«ብትነግሪውስ?»

«ሥራው ይሄዳል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ!» አለችና ያጠበችውን ሳህን መልሳ አጠበችው። ከዚያ ወደ ውሃው እያየች ተናገረች። «ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ፣ ሚጢ። ዝም ማለት ሲገባ መናገር አለ፤ መናገር ሲገባ ዝም ማለት አለ። አንዱን ጨመቅ ስታደርጊው ሌላው ያብጣል። ሁለቱንም አጠፋለሁ የሚል ሰው ሒሳቡን አያውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያውን ስፈራ፣ ሁለተኛው ቤቴን ሞልቶታል።»

ከእሷ የባስኩ ዝምተኛ ነኝ። ፎጣ አቀበልኳት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንም አብረን ወጣን። የአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ወንበር ጤዛ ስለነበረው ጋሼ የተተኮሰ ሱሪውን ላለማበላሸት ቆመ። እህቴ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች።

«ዝም ያሉትን ለምን ትጥላቸዋለህ?» አለችው።

«የትኞቹን?»

«መብራቷ በርታ፣ ሁለቱም ጠቅ ሳይሉ የሚቀሩትን።»

«ባዶ ዙሮች ናቸዋ! ምንም አልያዙም። ሁልጊዜ እንጥላቸዋለን።»

«ለቁልፉ ሥራ አዎ። እዚህ ግን ተልከዋል። የተላከ ሁሉ ይቆጠራል።»

«ምንም ሳይነግረኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

«ገምተህ።»

«ገምቼማ ግማሹን እስታለሁ!»

አውቶቡስ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ፤ ማናችንም አልተሳፈርንም። ጋሼ ክራቫቱን በጣቱ አላላ።

«ስንት ቀን ሆነሽ ካወቅሽ?»

«ትናንት። አንተ ስትጠራ።»

«ማታ ስተኩስ እያየሽኝ?»

«እያየሁህ።»

«ጥሩ ነው» አለ፤ ጥሩ እንዳልሆነ ግን ድመት እንኳ ያውቃል። «ላም አለኝ በሰማይ ስል፣ በወተቱ ትስቂ ነበራ።»

«አልሳቅኩም። አስተማሪ አልነበርክ? ተማሪህ የሚያውቀውን ብቻ ሠርቶ ሌላውን ክፍት ትቶ ቢሰጥህ፣ የሠራውን ብቻ አርመህ መቶ ከመቶ ትለዋለህ?»

አንድ ሰው ውሻ እየጎተተ አለፈ፤ ወይም ውሻው ሰውየውን።

«የማርክ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ አንድ እንዲህ ዓይነት ተማሪ ነበረኝ» አለ ጋሼ። «‹መምህር፣ የነካሁትን አልሳትኩም› ይለኝ ነበር። ከክፍል አስወጥቼዋለሁ።» ሳቁ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። ዓይኑን በተተኮሰው ሸሚዝ እጅጌ ጠረገ። እህቴ ተነሥታ ቀሚሷ እንደረጠበ አጠገቡ ቆመች። «አንተ ትናገራለህ፣ ወይስ እኔ?» አለችው በዓይኗ ይመስለኛል፤ እሱ ነው ጮክ ብሎ የመለሰው፤ «እኔው ነኝ የምናገረው። መሣሪያው የእኔ ነው።»

ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ ኮሪደሩ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ እያነበብኩ ጠበቅኳቸው። የሆነውን እህቴ ነገረችኝ። ጋሼ ተነሥቶ ወሰኑ እንዳልተሰበረ፣ የጣላቸው ዙሮች ሲቆጠሩ ስሕተቱ ከሺህ ሰባ ያህል እንደሚደርስ፣ ጥፋቱም ከቀድሞው ሥራ የመጣ የራሱ ልማድ እንደሆነ ተናገረ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ መሽከርከሩን አቆመ።

«ታዲያ አሁን ምን ቀረን?» አለው።

«ወሰኑ ቀረ» አለ ጋሼ።

አንድ እንግዳ ሳቀች፤ ወዳጃዊ ሳቅ ነበር ትላለች እህቴ። ግን በሳቅ ኮንትራት አይታደስም። ቦታው ለሌላ ክፍል ተሰጠ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወደ ኮሪደሩ ተከትሎት ወጥቶ እጁን በሁለት እጁ ያዘው። «ዝም ብትል ኖሮ» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

ቤታችን ለጥቂት ሳምንታት እንደ ሕመምተኛ ቤት ሆነ። ጋሼ ጠዋት ሲነሣ የሚሄድበት ስለሌለው የሌለ ነገር ይጠግናል፤ ደህና የነበረውን ቧንቧ ጠግኖ እንዲያንጠባጥብ አደረገው። አባቱ ደወሉ። በስፒከር ነበር፤ ሁላችንም ጆሯችንን ቀስረን ሰማናቸው። «ራስህ ነህ አሉ የተናገርከው?» አሉት። «አዎ አባዬ።» ሳል አሉና «በል ክራቫቱን አጥፈህ አስቀምጠው፤ ሌላ ቀን ይጠቅምሃል» ብለው ዘጉት። እህቴ ያን ማታ ከእሱ ቀድማ አለቀሰች።

ከዚያ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ሥራ አገኘ። ነጭ ጋውን ስለሚለብስ ታካሚዎች «ዶክተር» ይሉታል፤ መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፣ በኋላ ሰለቸው። በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ እህቴ ፊት ቆመ።

«ዛሬ የዳር እይታ መመርመሪያውን ስጠግን ነበር» አላት። «ታውቂዋለሽ? ሰውየው አገጩን ያስደግፋል፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ይልለታል፤ ሲያይ ቁልፍ ይጫናል።»

«እሺ?»

«ሳይጫን ሲቀርስ?»

«አላየም ማለት ነዋ።»

«ማለት ነው! ማለት ነው እኮ!» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መሣሪያው ዝምታውን አይጥለውም፤ መልስ ነው። እኛ ዝምታው ምንም እንዳይል አድርገን ሠርተን ነው ምንም ያላለን። መስታወቱን ብናዞረውስ? የመጀመሪያው ዓይነት ሲመጣ እኛ ከምንጨምርበት ብርሃን ጋር ተጣፍቶ ፍጹም ጨለማ እንዲሆን፣ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ እንዲደምቅ? ያኔ ጠቅ ካለ ሁለተኛው ነው። ዝም ካለ…»

«የመጀመሪያው ነው» አለች እህቴ። ቀስ ብላ ፈገግ አለች። «ይህን ዘዴ ከኛ በፊት የሠሩት ሰዎች አሉ።»

«ይኑሩ! እኔ አልሠራሁትም።»

ኃላፊው እሑድ እሑድ ላብራቶሪው እንዲገባ ፈቀደለት። ለብዙ እሑዶች ሁለቱም ምድር ቤት ወረዱ፤ እኔም አንዳንዴ ምሳ ይዤ እወርዳለሁ። እሱ ትንፋሹን ይዞ መስታወቱን ያዞራል፣ እሷ በርጩማው ላይ ሆና ትሰማለች። አሁን የተላከ ሁሉ ይቆጠራል፤ ብልጭ ዝም ሲልም ቁጥሩ ይጨምራል። ስሕተቱ ከሺህ ሰባ ከነበረበት ወርዶ ወርዶ ዐሥር አካባቢ ቆመ። ወሰኑ አምስት ነው። አልነኩትም፣ ከዚያ በታችም አልወረዱም። ቀረቡት ብቻ። ጋሼ ስክሪኑን እያየ «ወሰኑን ሰላም ብለን መመለስ እንችላለን» አላት፤ እሷም ትከሻው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። እኔ ዓይኔን ወደ መጋረጃው አዞርኩ።

የጻፉት ነገር ታትሞ ሲወጣ ከእህቴ ስም ሥር የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከእሱ ስም ሥር የዓይን ክሊኒኩ ስም ነበር። ኃላፊው የማተሚያ ስሕተት መስሎት ሊያስተካክል ነበር፤ እህቴ እንዳይነካው ነገረችው። የክሊኒኩ ሰዎች ደስ ብሏቸው የመጀመሪያውን ገጽ አጉልተው መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼን ልጠራው ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ወረቀቱ ላይ ደቅነው አገኘኋቸው። ጋሼ መሣሪያውን ሊያስተካክልላቸው መጣ።

«ዶክተር፣ ይኼ ምን ይላል?» አሉት።

«ስንት ጊዜ እንደተሳሳትን ነው የሚለው፣ አባት።»

«እሱን ነው የለጠፋችሁት?»

«አዎ፣ አባት። አንድም ሳይቀር።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ከዘራቸውን እኔ እንድይዝላቸው ሰጡኝና ወደ ምርመራው ክፍል ገቡ። በተከፈተው በር ሲቀመጡ አየኋቸው። «በል እንግዲህ» ብለው አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደገፉ።